ከኋላ ማንም የለም

ሃያ ሁለት ዓመት አስከሬን ነድቼ፣
በለቀስተኛ እግር መሪዬን ገርቼ፣
ከሁለተኛ ማርሽ አንድም ቀን ሳልወጣ፣
ስፖኪዮ ሙሉ ሰው ሲከተል፣ ሲመጣ፣
ጃንጥላና ጥቁር ካፖርት እያየሁ፣
ከፊቴ ይልቅ የኋላዬን አወቅሁ።

የእህቴ ልጅ ሎርካን በልደቴ ማታ
ወረቀት ሰጠኝ፣ የታሸገ በፖስታ፦
«አጎቴ ፊንታን ሆይ፣ ሳትሞት አንዴ ሩጥ!
የአንድ ቀን ትምህርት ነው፤ አታቅማማ፣ ቁረጥ።»

ከቱላሞር ወዲያ፣ ዝናብ በሚያጥበው፣
አውሮፕላን ረስቶት በግ በወረሰው
አሮጌ ሜዳ ላይ፣ ኮኖች ተደርድረው፣
ኦርላ ጠበቀችኝ፤ ፀጉሯን ተላጭታ፣
የቀዘቀዘ ሻይ በቁሟ ጠጥታ።
«ሥራህ ምንድን ነው?» አለች፣ ቀበቶዬን ስታጠብቅ፤
ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪፈልቅ።
«እንግዲያው ስማኝ፤ ዛሬ ማንም አልሞተም፤
ከኋላህ በእግሩ የሚከተል የለም።»
እጇን ሰደደችና ስፖኪዮውን
ወደ ጣራው አዞረችው።

«ዓይንህ ኮኑ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትመታዋለህ።»
መታሁት።
«ኩርባው የሚያልቅበትን እይ፤ እጅህ ዓይንህን ይከተላል።»
አላመንኳትም። ሁለተኛውንም መታሁት።
«ፍሬን!» ትላለች። እኔ የማውቀው ፍሬን
ሟች እንዳይነቃ የሚያዝ ነው።
«ረግጠው እንጂ፣ እባብ እንደሚረግጥ ሰው!»
«በአየርላንድ እባብ የለም» አልኳት።
«ለዚህ ነዋ እግርህ የማያውቀው!»

ከዚያ ስለ ክብደት ልታስረዳኝ ጀመረች፦
ፍሬን ስትይዝ ወደ ፊት ይጎርፋል፣
የፊቱ ጎማ አስፋልቱን ይነክሳል፤
ነዳጅ ስትሰጥ ወደ ኋላ ይቀመጣል።
ይህንስ አውቃለሁ።
ሥጋ ሻጩ ማላኪ፣ መቶ ሠላሳ ኪሎ፣ ከነሣጥኑ፣
በቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁለት ጀርባዬን ሲገፋኝ
አስተምሮኛል፤ ነፍሱን ይማር።

ሦስተኛው ዙር ላይ ኦርላ ዝም አለች።
«መሪ አያያዝህ ለስላሳ ነው» አለች ቆይታ፣
«ሰው በወር የማይለምደውን ይዘህ መጣህ።
እግርህ ግን ፈሪ ነው።»

በስድስተኛው፣ በሰፊው ኩርባ መሃል፣
ፍጥነቱ ሆዴን ወደ በሩ ሲወስደው፣
ፈራሁ። እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ።
የመኪናው ቂጥ እንደ ተበሳጨ በሬ ዞረ፤
ሰማይ፣ በግ፣ አጥር፣ ኮን፣ በግ፣
ከዚያ ጸጥታ። ሞተሩም ጠፋ።
ፊቴን ወደ መጣሁበት አዙሬ ቆሜአለሁ።

አየሁት መንገዱን፣ ያንን የኋላዬን፣
ያለ ስፖኪዮ፣ ገልጬ ዓይኔን፦
የራሴ ጎማ የጻፈው ጥቁር መስመር፣
ዝናብ፣ ደግሞ ዝናብ፤ ሌላ ምንም አልነበር።
አንድ ጃንጥላ የለም። የሚያነክስ ሽማግሌ፣
የእናቱን እጅ የሚጎትት ሕፃን፣ የለም፣ ከኋላዬ።

«ደህና ነህ?» አለች ኦርላ።
ፍሪሲዮን ረግጬ ቁልፉን አዞርኩ።
«እንደገና» አልኳት።

ማክሰኞ ቀን የአናጢው ቀብር ነበር።
ሚስቱ ወይዘሮ ዴርብላ ከጎኔ ተቀምጣ
«ምን ይሸታል?» አለችኝ፣ ጓንቴ ላይ አፍንጫዋን አስጠግታ።
«ጎማ ነው፤ ይቅርታ።»
«እሱ እኮ ዝግታ አይወድም ነበር» አለች፣
ፊቷን ሳትመልስ፣ የወንዙን ድልድይ እያየች።
ስፖኪዮውን አየሁ፤ ግማሽ መንደር ይከተላል።
ድልድዩ የሚያልቅበትን አየሁ።
ሦስተኛ ማርሽ አስገባሁ፣
ለሃምሳ ሜትር ያህል፣
ሣጥኑ እንኳ ሳይሰማው።

ከኋላ፣ የመዘምራኑ አለቃ
ጃንጥላዋ ተገልብጦባት ስትሮጥ ታየችኝ።